ባዶ ሆድ በጥቁር ሰሌዳ ፊት



የትምህርት ነገር በተነሳ ቁጥር ጣታችንን የምንቀስርባቸው ወገኖች ብዙዎች ናቸው። መምህሩ አላስተማረም፣ መጽሐፉ አልደረሰም፣ ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ስልኩና ቴሌቪዥኑ ልጁን ወስደውታል እንላለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው በተባለ ጊዜም ሀገር ምድሩ ሲወያይ የሰነበተው በእነዚሁ ጉዳዮች ላይ ነበር። ሁሉም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ጠዋት ምን ቀምሰው ነው ወደ ክፍል የሚገቡት?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም። ይህን ስል የአንድን ትውልድ ውጤት በቁርስ ላይ ላላክክ አይደለም፤ እንዲያ ብዬ ብጽፍ አንባቢ ቢስቅብኝ እውነቱን ነው። የምለው ጥያቄው ሊጠየቅ ይገባው ነበር ነው።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። ሒሳብ በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት እንዲሰጥ የሚመርጡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ «ጠዋት አእምሮ ንጹሕ ነው» ስለሚባል ነው። ንጹሕ አእምሮና ባዶ ሆድ ተያይዘው ሲመጡ ምን እንደሚሆን ያየሁትም በዚያው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። ጭንቅላቱን ክንዱ ላይ አስደግፎ የሚያዛጋ፣ በሰሌዳው ላይ ያለውን ወደ ደብተሩ እስኪገለብጥ ድረስ ቁጥሩ መንገድ ላይ የሚጠፋበት፣ ስሙ ሲጠራ የሚበረግግ ልጅ በየክፍሉ አለ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የዚህ ልጅ ስም «ሰነፍ» ነው። ያው ልጅ በእረፍት ሰዓት ከጓደኛው ዳቦ ተካፍሎ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይቀመጣል።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንቁጠረው። ልጁ ማታ 2 ሰዓት ላይ እራቱን በላ እንበል። ጠዋት ሳይቀምስ ወጣ። 2 ሰዓት ላይ ክፍል ሲገባ ያለ ምግብ 12 ሰዓት ሞልቶታል። በ4 ሰዓት ተኩሉ እረፍት የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለው እስከ 6 ሰዓት ተኩል ምሳ ድረስ ይቆያል፤ ድምሩ 16 ሰዓት ተኩል ይመጣል። የረመዷን ጾም በሀገራችን ከፈጅር እስከ መግሪብ ሲቆጠር 14 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ይህ ልጅ ሳይነይት፣ ሱሑርም ሳይበላ፣ በማናቸውም ተራ ማክሰኞ ከጾመኛ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያለ ምግብ ቆይቷል ማለት ነው። «ግማሹን ጊዜ ተኝቶበታል» የሚል ይኖር ይሆናል፤ አንጎል ግን ሰውየው ሲተኛም አይተኛም።

የአንጎልን ነገር ካነሳን ዘንድ ጥቂት እንበል። በአዋቂ ሰው ዘንድ አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ቢይዝም ሰውነት ከሚያቃጥለው ኃይል አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ለብቻው ይወስዳል። በልጅ ላይ ደግሞ ድርሻው እጅግ ከፍ ይላል፤ በአምስት ዓመት ዕድሜ አካባቢ ሰውነት በእረፍት ላይ ሆኖ ከሚያወጣው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለአንጎል ይውላል። ዋናው ነዳጁ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስኳር፣ ማለትም ግሉኮስ ነው። ሌሊቱን ይህንን ነዳጅ የሚያቀርበው ጉበት ከእራት ያጠራቀመውን እየቆነጠረ በመልቀቅ ነው። የልጅ ጉበት ትንሽ፣ አንጎሉ ግን በላተኛ በመሆኑ ጎተራው ከአዋቂው ይልቅ ፈጥኖ ይሳሳል። ሰውነት በዚህ ጊዜ መላ አያጣም፤ ከጡንቻና ከስብ እየቀነሰ ራሱን ይደጉማል። ያን ለማድረግ ግን የጭንቀት ጊዜ ቅመሞችን በደም ውስጥ ይረጫል፤ ከዚህም የተነሳ ልጁ ይነጫነጫል፣ ይቁነጠነጣል፣ ሐሳቡን አንድ ቦታ ማሳረፍ ያቅተዋል። በጨዋታ ሜዳ ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ሲያካፍል ግን ወዲያው ይታወቃል።

ይህንን ጉዳይ በሚገባ ካጠኑት ሀገሮች አንዷ ጃማይካ ናት። ኑሮዋ ለእኛ ባዕድ ስላልሆነ የእርሷን ምሳሌ ከአውሮፓው አስቀድሜ አነሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት ከ9 እስከ 10 ዓመት ተኩል የሆናቸው 90 ልጆች ተመረጡ። ሠላሳዎቹ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ፣ ሠላሳዎቹ በሕፃንነታቸው በከባድ የምግብ እጥረት ታመው የዳኑ፣ ቀሪዎቹ ሠላሳ ደግሞ ደህና ያደጉ ነበሩ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠዋት ቁርስ በልቶ፣ ሌላ ጠዋት ሳይበላ ተፈተነ። ደህና ያደጉት ልጆች ቁርስ በመዝለላቸው የጎላ ጉዳት አልታየባቸውም። የቀነጨሩትና ታመው የዳኑት ግን ባልበሉበት ጠዋት በአንዳንዶቹ ፈተናዎች ወደ ኋላ ቀሩ። ይህ ውጤት ብዙ ያስተምራል። ቁርስ መዝለል ለሁሉም ልጅ እኩል አይደለም፤ ቀድሞውንም ከጎደለበት ልጅ ላይ ነው ይበልጥ የሚቀንሰው። «እኔ ልጅ ሆኜ ቁርስ ሳልበላ ነበር የምማረው፣ ምን ሆንኩ?» እያለ የሚመጻደቅ አባት ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በዚያችው ሀገር ሰፋ ያለ ሙከራ ታተመ። በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 814 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ለአንድ የትምህርት ዓመት በየቀኑ በትምህርት ቤት ቁርስ በሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ የብርቱካን ሩብ ቁራጭ ብቻ ተሰጣቸው። ቁርስ የበሉት በቁመትም በክብደትም ጥቂት ጨመሩ፣ ከትምህርት ገበታ መቅረታቸውም በመጠኑ ቀነሰ። በትምህርቱ በኩል ደግሞ በዕድሜ አነስ ያሉት በሒሳብ ተሻሻሉ። በንባብና በፊደል አጻጻፍ ግን ለውጥ አልታየም። (እኔ የሒሳብ ሰው በመሆኔ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።) ሒሳብ ከንባብ ተለይቶ ለምን ተሻሻለ ለሚለው የራሴ ግምት አለኝ። ሒሳብ በየደቂቃው ሐሳብን መሰብሰብ ይጠይቃል፤ አንድ እርምጃ ያመለጠው ልጅ ቀሪው ሁሉ ያመልጠዋል።

ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች መካከል የወጣ፣ እምብዛም የማይነገርለት ሦስተኛ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ሲሆን በአራት የጃማይካ ትምህርት ቤቶች ቁርስ ከበሉ በኋላ የልጆቹ ባሕርይ በክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ተመለከተ። በደንብ በተደራጀው ትምህርት ቤት ልጆቹ ረጋ ብለው ሥራቸው ላይ አተኮሩ። በተጨናነቁትና ባልተደራጁት ትምህርት ቤቶች ግን ቁርስ የበሉት ልጆች ይበልጥ ረበሹ! አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ አይገረምም። ጉልበት ያገኘ ልጅ ጉልበቱን የሚያውልበት ሥራ ካላገኘ ወንበር ይገለብጣል። ስለዚህ «ልጆቹን ካበላናቸው ይበቃል» የሚሉ ወገኖች ሁለተኛው ግማሽ እንደሚቀራቸው ይወቁት።

በቅርብ ዓመታት የወጡትን በአጭሩ ልጥቀስ። በእንግሊዝ ሀገር በ106 ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ነጻ ቁርስ ባዘጋጁ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ከሌሎቹ በሁለት ወር ትምህርት ያህል ቀድመው ተገኝተዋል። በኒውዚላንድ በ14 ትምህርት ቤቶችና በ424 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ግን በውጤትም ሆነ በመገኘት የጎላ ልዩነት አላሳየም፤ የልጆቹ የረሃብ ስሜት ግን ቀንሷል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የማስቀምጠው ሆን ብዬ ነው። ቁርስ ተአምር ይሠራል ብሎ የሚሰብክ ሰው ካለ የኒውዚላንዱን አላየም። ምንም አይጠቅምም የሚለው ደግሞ የጃማይካውን አላየም። ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ «በልቷል ወይስ አልበላም?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ምን በላ?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ልመለስ። በከተማ የምንኖር ሙስሊሞች ብዙዎቻችን ነጋዴዎች ወይም የነጋዴ ቤተሰብ ነን። ሱቅ በጠዋት ይከፈታል። አባት ቀድሞ ይወጣል፣ እናትም ሥራ ካላት ትከተላለች፤ ለልጁ ደግሞ ብር በእጁ ይሰጠዋል። «መንገድ ላይ ገዝተህ ብላ» የሚለው ትእዛዝ በብዙ ቤት ቁርስን ተክቷል። ልጁ በዚያ ብር የሚገዛው ምንድን ነው? በትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጠውን እናውቃለን፤ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ፣ ብስኩት፣ በፌስታል የታሸገ ድንች ጥብስ፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ። ልጁን አልወቅሰውም፤ እኔም በዕድሜው ብሆን የምገዛው እርሱኑ ነው። በዌልስ ከመቶ በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች ከ9 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው 5,000 ያህል ልጆች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጽሑፍ ላይ፣ ደህና ቁርስ የሚበሉ ልጆች በመምህራን ምዘና ከአማካይ በላይ የመሆን ዕድላቸው ካልበሉት እስከ እጥፍ ደርሶ ነበር። ከረሜላና የድንች ጥብስ የመሳሰለውን ቁርስ ያደረጉት ግን ይህ ጥቅም አልታየባቸውም። በዚህ ጥናት ላይ የቤተሰብ ሀብትና አያያዝ ገብቶበት ይሆናል፤ ልጁን በደንብ የሚያበላ ቤት በሌላውም ነገር ይከታተለዋልና። ቢሆንም የስኳርን ባሕርይ ለሚያውቅ ሰው ውጤቱ እንግዳ አይሆንበትም። ጣፋጭ ነገር የደም ስኳርን ፈጥኖ ያወጣዋል፣ ፈጥኖም ያወርደዋል። ልጁ 2 ሰዓት ላይ የነበረው ብርታት 4 ሰዓት ሳይሞላ ይከዳዋል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሙከራ ደግሞ ይህንኑ በቀጥታ ፈትኖታል። ልጆቹ አንድ ቀን የአጃ ገንፎ፣ አንድ ቀን ከሳጥን የሚቀዳውን ጣፋጭ የእህል ቁርስ፣ አንድ ቀን ምንም ሳይበሉ ተፈተኑ። የአጃ ገንፎ በበሉበት ቀን የካርታና የቦታ አቀማመጥን የማስታወስ ችሎታቸው ተሽሎ ተገኘ። አጃ ቀስ ብሎ የሚፈጭ፣ አሰር ያለው እህል ነው። እንግዲህ ፈረንጆቹ በብዙ ጥናት የደረሱበትን ገንፎ እናቶቻችን ሳያጠኑ ሲያገነፉት ኖረዋል። የገብስ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ ቆሎ ሁሉም ቀስ እያሉ የሚለቁ እህሎች ናቸው። የእነዚህ ነውራቸው ርካሽ መሆናቸው ብቻ ይመስለኛል፤ በእንግዳ ፊት ቂንጬ ማቅረብ የምናፍር፣ ብስኩት ማቅረብ ግን የምንኮራ ሆነናል።

አሁን ደግሞ አብዛኛው የከተማ ቤት ቁርስ ወደሚለው ነገር እንምጣ፤ ዳቦ በሻይ። ለብዙ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አቅም የለም፤ ይህን አውቃለሁ፣ ከምንም ደግሞ ይሻላል። ነገር ግን አቅም ያለውም ቤት ልጁን በዳቦና በሻይ የሚሸኘው በልማድ ነው። የሻይ ችግሩ ስኳሩ ብቻ አይደለም። ሻይ ውስጥ ያሉት አፍን የሚያደርቁት ንጥረ ነገሮች በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን አጥብቀው ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ከምግብ ጋር አብሮ ሲጠጣ ሊገባ ከነበረው ብረት ከግማሽ በላይ ሊያስቀር ይችላል። ቡናም እንዲሁ ያደርጋል። ብረት ያነሰው ልጅ ደም ያንሰዋል፣ ይደክመዋል፣ ትኩረቱም ይቀንሳል። ይህ ደግሞ በአንድ ጠዋት የሚታይ ሳይሆን በወራት የሚጠራቀም ነው። የወር አበባ የጀመሩ ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ሻይን ከቤት ማባረር አይደለም፤ ይህን ብል ማንስ ይሰማኛል! ሻዩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። በምግቡ ሰዓት ልጁ ውኃ ወይም ወተት ይጠጣ።

በዚህ ረገድ ፉልን ሳላመሰግን አላልፍም። በመርካቶና በየሰፈሩ ቁርስ ቤቶች የምናውቀው ፉል፣ ባቄላው ገንቢ ነው፣ አሰር አለው፣ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ብረትም ይሰጣል። ከላዩ የሚከተፈው ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ በመሆኑ ሻይ የሚያግደውን ብረት እርሱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል። አንድ እንቁላል ከተጨመረበት ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ በአንድ ጊዜ ለሁለት ለሦስት ቀን ቀቅሎ በቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጠዋት ማሞቅና መከተፍ ብቻ ይቀራል። ጨጨብሳና ፈጢራ ግን ለየብቻቸው ሲታዩ ዱቄትና ቅባት ይበዛባቸዋል፤ ከእንቁላል ወይም ከእርጎ ጋር ሲሆኑ ይሻላል። ከማታ የተረፈ የምስር ወይም የሽሮ ፍትፍትም ቁርስ ነው። ልጆች ይጠሉታል እንጂ።

የቁርአን ነገርም አለ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁርአን ቀርተው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ከሌላው አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ቀድመው ይነሳሉ። ሒፍዝ ደግሞ የአእምሮ ሥራ ነው። እናት «ገና ነው፣ ሲመለስ ይበላል» ትላለች፣ ልጁ ግን አይመለስም፤ ከዚያው ወደ ክፍል ይሮጣል። በቦርሳው ውስጥ የሚያዝ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ጥቂት ተምር ወይም ቆሎ ለዚህ በቂ ነው። የመድረሳ ኡስታዞችም በመሐሉ አሥር ደቂቃ ቢሰጧቸው ከሒፍዙ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስለ ቁርስ ተጽፎ ረመዷን ሳይነሳ መቅረት ስለማይችል ጥቂት ልበል። በኔዘርላንድ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከትምህርቱ ወቅት የበዛው ክፍል በረመዷን ላይ ሲውል የሙስሊም ተማሪዎች ውጤት በመጠኑ ዝቅ ማለቱን ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውና ብዙ ሀገሮችን ያካተተው ሌላ ጥናት ደግሞ በተቃራኒው፣ የጾሙ ሰዓት በረዘመባቸው ዓመታት በሙስሊም ሀገሮች የተማሪዎች ውጤት ከፍ ማለቱን አገኘ። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲሰጡ ጾሙ በተማሪዎቹ መካከል የሚፈጥረውን ትስስርና አንድነት ጠቅሰዋል። ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው በጾሙ ወቅት ያለውን ድካም፣ ሁለተኛው ከርሞ የሚቀረውን ፍሬ ይመለከታል። የእኛ ልጆች ዕድለኞች ናቸው፤ በሰሜን አውሮፓ በበጋ ወራት ጾሙ 18 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲዘልቅ የእኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም።

ታዲያ በረመዷን የተማሪው ችግር ጾሙ ሳይሆን ሌሊቱ ነው ባይ ነኝ። ከኢፍጣር በኋላ ሳምቡሳና ሙሸበክ ይበዛል፣ ከተራዊሕ በኋላ በስልክ ይመሻል፣ ሱሑር ላይ ደግሞ እንቅልፍ ያሸንፍና ልጁ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ይነይታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱሑር እንዲበላና በውስጡም በረካ እንዳለ ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። በእኔ አመለካከት ሱሑር የጾመኛ ተማሪ ቁርስ ነው፤ ስለ ቁርስ ያልነው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል። ገንፎ ወይም ቂንጬ፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ተምር፣ በቂ ውኃ። ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ልጆች ጾሙ ግዴታቸው እንዳልሆነ እየታወቀ በጓደኛ ፉክክር ፈተና ባለበት ቀን ካልጾምኩ የሚል የ8 ዓመት ልጅ ሲገጥም ደግሞ ወላጅ በፍቅር ሊመክረው ይገባል።

ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ስመለስ፣ ስለ ምገባ ፕሮግራም ሳልናገር አላልፍም። በሀገራችን የትምህርት ቤት ምገባ በዓለም ምግብ ፕሮግራም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የተጀመረው፤ ያውም በምግብ እጥረት በሚታወቁ የገጠር አካባቢዎች። አዲስ አበባ በከተማ ደረጃ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ማብላት የጀመረችው በ2012 ዓ.ም. ነው። እኔ በሁለቱም ዘመን አስተምሬያለሁና ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ዘግይተው የሚመጡትና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሆዴን አመመኝ ብለው ፈቃድ የሚጠይቁት ልጆች ብዛታቸው ያስደነግጥ ነበር። ምገባው ከተጀመረ ወዲህ ቢያንስ የኋለኛው ጥያቄ በእኔ ክፍል አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማ ሆኗል። ይሁንና ፕሮግራሙ የተዘረጋው ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ያውም እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ነው። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ረሃቡ አይጠፋለትም። በሕዝብ መዋጮ በሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶቻችን የሚማሩ የድኻ ልጆችም አሉ።

በዚህ ላይ አንድ የሩቅ ሀገር ታሪክ ትዝ ይለኛል። በአሜሪካ በኦክላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 1969 ጥቁር ፓንተሮች የሚባሉት ወገኖች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች ከትምህርት በፊት ነጻ ቁርስ ማብላት ጀመሩ። ምግቡ ከየሱቁ በልመና የተሰበሰበ፣ አብሳዮቹም በፈቃደኝነት የመጡ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል። ሥራው ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነበር፤ አዳራሽ፣ ድስት፣ በጠዋት የሚነሳ ሰው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በየጀመዓችንና በየእድራችን አሉ። በአንድ ሰፈር ሠላሳ ልጆች ቢኖሩ የገብስ ገንፎና ባቄላ የሚቀቅሉ አምስት እናቶችን ማግኘት ያቅተናል ብዬ አላምንም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህኛው ነው። ቁርስ በተሠራበት ቤትም ቁርስ ሳይበላ የሚወጣ ልጅ አለ፤ ብዙውን ጊዜም ሴት ናት። ምገባው ከመጀመሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ጠዋት ጠዋት ትዘገያለች፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እጇ አይነሳም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከጎበዞቹ አንዷ ናት። ምክንያቱን ስጠይቃት ሳትሸማቀቅ ነገረችኝ። አራት ታናናሾች አሏት። 11 ሰዓት ላይ ተነስታ እሳት ታቀጣጥላለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ታበላለች፣ ታለብሳለች፣ ሦስቱን ትምህርት ቤታቸው ታደርሳለች። «አንቺስ?» ስላት «እኔማ ካለቀ በኋላ ነዋ» አለችኝ። እንዳነጋገሯ ከሆነ ይህ ጥያቄ ከዚያ በፊት ቀርቦላት አያውቅም። እናቷን አስጠርቼ አነጋገርኳት፤ ደግ ሴት ናት፣ ሌሊት ተነስታ አትክልት ተራ የምትሄድ። ልጇ ሳትበላ እንደምትወጣ አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ድርሻዋን ማታውኑ በሣህን ከድና ታስቀምጥላት ጀመር። ልጅቷ ከክፍሉ አንደኛ አልወጣችም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን ወደ ሰሌዳ መውጣት ጀመረች።

እንዲህ ያለችው ልጅ የራሳችን ልጅ ላትሆን ትችላለች። ከገጠር መጥታ ከዘመድ ቤት የምትማር፣ ወይም በሠራተኛነት ተቀጥራ ማታ የምትማር ልጅ ትሆናለች። የቤቱን ሁሉ ቁርስ የምታቀርበው እርሷ ናት። እርሷ የምትበላው መቼ ነው? ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወላጆች ነገ ጠዋት ማዕዱ ሲነሳ ሣህኑን ብትቆጥሩ መልሱን ታገኙታላችሁ።

በመጨረሻ፣ የፈተና ወቅት ሲቃረብ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ልመልስ። በፈተና ቀን ጠዋት ልጁን ከወትሮው በተለየ ምግብ ማጨናነቅ አያስፈልግም። ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ ሆዱን አክብዶ እንቅልፍ ያመጣበታል። የለመደውን፣ ከመፈተኛው ሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም አድርጎ ይብላ፤ ጭንቀት ምግብ ከከለከለው ግማሽ ሙዝና አንድ እንቁላልም ይበቃል። ውኃ ይጠጣ፣ ግን መጸዳጃ ቤት እያስጠየቀው እንዳይቸገር ከመጠን አያልፍ። ሻዩን ከፈተናው በኋላ፣ ውጤቱን እየገመተ ይጠጣው።